ከሰዓት ፈረቃ ለሚማሩ

ድሬዳዋ ውስጥ ለዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሰዓት ፈረቃ ሲሆን ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ዓይኑን ገልጦ የሚተኛ ተማሪ ብዙ ነው። ስለዚህ ምክሬ ከምሳ ይጀምራል፦ ከልክ በላይ አትብሉ፣ ውኃ ይዛችሁ ኑ። መስኮት ዳር ለመቀመጥ ግን አትሻሙ፤ ነፋስ እንዳለ ሁሉ የባጃጅ ጡሩንባም አለ። ፊት መቀመጥ ይሻላል።

ማለዳው የእናንተ ነው። ፀሐይዋ ሳትበረታ ሒሳብና ፊዚክስ ሥሩ፤ ቀለል ያለውን ለማታ አቆዩት። ጠዋት ቀፊራ ገበያ ወርዳችሁ ቤተሰብ የምታግዙ ከሆነ፣ ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን ርዕስ ብቻ አንብቡ። አዲሱን ነገር መጀመሪያ ከእኔ አፍ እንዳትሰሙት ያህል ይበቃል።

ሰሌዳውን አሳምሮ መገልበጥ ማጥናት አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ ራሱን ፈትኖ በ1885 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ ያጠናነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። እንግዲያው ማታ ደብተሩን ዝጉና የቀኑን ትምህርት በባዶ ወረቀት ላይ ከጭንቅላታችሁ ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን ገልጣችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በማግሥቱና ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ያታክታል፤ ደጋግሞ ከማንበብ ግን እጅግ ይበልጣል።

ሌላው ፈተና እንግሊዝኛው ነው። የመማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም አማርኛ። ባጃጁ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ለምን ወደ ፊት እንደሚወረወር በመጀመሪያ ለጓደኛችሁ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ አስረዱት። ሐሳቡ ሲጠራ በሁለት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ቃላቱን ብቻ የሸመደደ ተማሪ ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲልበት ይጠፋበታል።

«አልገባኝም» ብላችሁ አትቁሙ። «ከሦስተኛው መስመር ወደ አራተኛው እንዴት ተሄደ?» ብትሉኝ ወዲያውኑ እመልሳለሁ። የምታፍሩ በእረፍት ሰዓት ኑ። ደወል ሲደወል እጅ የሚያወጣ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ እኔንም ጓደኞቹንም ያስመርራል።

የታረመ ፈተና ሲመለስላችሁ ውጤቱን ብቻ አይታችሁ አትጣሉት። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ በዚያው ቀን እንደገና ሥሩ፤ ከጎኑም ስህተቱ ከስሌት ይሁን ጥያቄውን ካለመረዳት በአንድ መስመር አስፍሩ። ለሚቀጥለው ፈተና ስትዘጋጁ መጀመሪያ የምትከፍቱት ያንን ገጽ ነው።