የሞተር የፊት ሾክ፦ ቤት ሲፈቱትም ጋራዥ ሲሰጡትም የሚሠሩ ስህተቶች

ከጅማ ወደ ሰቃ ወይም ወደ ዴዶ ክረምት ከበጋ የሚመላለስ ሞተር ውሎ አድሮ የፊት ሾኩ ዘይት ማንባቱ አይቀርም። ቀዩ ጭቃ የሾኩ የክሮም ቱቦ ላይ ይደርቃል፣ ሾኩ ወደ ታች ሲወርድ ደረቁን አፈር ይዞ በሲሉ (ዘይቱ እንዳይወጣ ቱቦውን ዙሪያ በሚዘጋው የጎማ ቀለበት) ከንፈር ሥር ይገባል። ያኔ ጭቅጭቁ ይጀመራል፦ ቤት ይፈታ ወይስ ለመካኒክ ይሰጥ? በእኔ እምነት ማጽዳትና ዘይት መቀየር የቤት ሥራ ነው። የጎበጠ ቱቦ ደግሞ ያለ ጥያቄ የባለሙያ ነው። ሲል መቀየር መሃል ላይ ነው፤ መሣሪያውና ትዕግሥቱ ላለው ይቻላል። ገንዘብ የሚባክነው ግን በምርጫው ሳይሆን በሚከተሉት ስህተቶች ነው።

ዘይት ስለታየ ብቻ “ሲሉ ሞቷል” ማለት

ብዙ ጊዜ ሲሉ ደህና ነው፤ ሥሩ የገባች ቅንጣት አፈር ናት ከንፈሩን ከፍታ የያዘችው። ከላይ ያለውን የአቧራ መከላከያ ጎማ በጥንቃቄ ወደ ላይ ያውጡት። ከሃይላንድ ጠርሙስ ጎን ስስ ፕላስቲክ ቆርጠው ጫፉን ትንሽ መንጠቆ ያስመስሉት፣ በቱቦውና በሲሉ መካከል አስገብተው ዙሪያውን ያሽከርክሩት። ጥቁር ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ቱቦውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው የፊት ፍሬኑን ይዘው ሾኩን ደጋግመው ይጫኑት። አሁንም ቱቦው ላይ የዘይት ቀለበት ከቀረ ሲሉ በእርግጥ አልቋል።

እዚህ ላይ ላቫጆ ቤቶችን ሳላነሳ አላልፍም። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ውኃ በቀጥታ የአቧራ ጎማው ላይ ሲረጭ ጭቃውን አያጥበውም፣ ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ከጎን በለስላሳ ውኃ እንዲያጥቡት ይንገሯቸው።

አዲስ ሲል በቆሰለ ቱቦ ላይ መግጠም

“ሲል ቀይሬ በወሩ እንደገና አፈሰሰ” የሚለው እሮሮ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል። የክሮም ቱቦውን ሾኩ በሚንቀሳቀስበት ክፍል ሁሉ በጥፍርዎ ከላይ ወደ ታች ይዳስሱት። ጥፍርዎን የሚይዝ ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለ አዲሱን ሲል ይበላዋል። ትንሽ ቁስል ከሆነ ዘይት በነካ በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት (1,000 ወይም 2,000 ቁጥር) ጠርዙን ብቻ ማለስለስ ይቻላል። ክሮሙ ከተላጠ ግን ቱቦው መቀየር አለበት። ሾኩ ላይ የጎማ ሽፋን ያላቸው ሞተሮች ከጭረት ይድናሉ፤ ነገር ግን ሽፋኑ ሥር ውኃ ታቁሮ በዝምታ ያዝጋል፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ ገልጦ ማየት ነው።

“ዘይት ዘይት ነው” ብሎ 20/50 የሞተር ዘይት መሙላት

ሾኩ ውስጥ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ብቻውን ቢሆን ሞተሩ ጉድጓድ በነካ ቁጥር ይዘል ነበር። የሚይዘው ዘይቱ ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ እንቅስቃሴውን ያዘገያል። ወፍራም የሞተር ዘይት ከተሞላ ሾኩ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ በጠጠር መንገድ ላይ እጅዎ እስኪደነዝዝ ይንቀጠቀጣል። የሾክ ዘይት በ5፣ በ10፣ በ15 ቁጥር ይሸጣል፤ የትኛው እንደሚሆን የሞተሩ መመሪያ ይናገራል። የሾክ ዘይት ከጠፋ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከሞተር ዘይት ይሻላል፤ አንዳንድ የቆዩ የሆንዳ መመሪያዎችም ራሳቸው ያዙታል። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም።

በግምት መቅዳት

ከዘይቱ በላይ ያለው አየርም እንደ ሞላ ይሠራል። ዘይት ሲበዛ አየሩ መታመቂያ ያጣል፣ ግፊቱ ሲሉን ይገፋዋል። ከፋርማሲ አንድ ትልቅ ሲሪንጅ ገዝተው ግራና ቀኙን እኩል ይለኩ። ቱቦውን ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርገው አየሩ ይውጣ። መመሪያው የዘይቱን ከፍታ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ሞላው ወጥቶ፣ ቱቦው እስከ ታች ገብቶ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ነው።

በቅደም ተከተል አለመፍታት

ቤት ከሚፈቱት አብዛኛዎቹ የሚሸነፉት እዚህ ነው። የላይኛው ክዳን መላላት ያለበት ቱቦው ገና መሪው ሥር ባለው መያዣ ሳለ ነው፤ ከላይ ያለውን የመያዣ ቡሎን ብቻ አላልተው። ከወጣ በኋላ ቱቦውን ሞርሳ ላይ ማሰር ክሮሙን ያቆስላል። የታችኛውንም ቡሎን ሞላው ከመውጣቱ በፊት ያላሉት። ሞላው ውስጡን ዘንግ ተጭኖ ካልያዘው ቡሎኑ ከነዘንጉ አብሮ ይዞራል፣ ቀኑን ሙሉ ቢያሽከረክሩትም አይፈታም። የላይኛውን ክዳን በመጨረሻ ሲያወጡ ሞላው ከሥር ይገፋዋል፤ ፊትዎን ዞር አድርገው በመዳፍዎ ይጫኑት።

ሞተሩንም በድንጋይ ክምር ላይ አያቁሙት፤ ከሞተሩ ሥር ጠንካራ ሳጥን ወይም ክሪክ ያድርጉ። ዲስክ ፍሬን ከሆነ መንከሱን (ዲስኩን ነክሶ የሚይዘውን ክፍል) በፍሬን ዘይት ቱቦው አያንጠልጥሉት፤ እስኪገጠም ድረስም የፍሬን እጀታውን ማንም እንዳይጨብጠው።

ሲሉን በካቻቢቴ መፈልፈል፣ በመዶሻ መምታት

ሲሉ የሚቀመጥበት አሉሚኒየም ውስጥ የሚቀር ጭረት ዘይት በጀርባ በኩል ያወጣል። በመጀመሪያ የሽቦ ቀለበቱን ያውጡ፣ ከዚያ በብዙ ሾኮች ላይ ቱቦውን ሳብ ሳብ እያደረጉ ሲሉን ራሱን እንዲያወጣው ማድረግ ይቻላል። አዲሱን ሲያስገቡ የቱቦውን አፍ በፌስታል ሸፍነው ዘይት ይቀቡት፤ ስለታማው ጠርዝ ከንፈሩን እንዳይቆርጠው። አሮጌውን ሲል በላዩ አድርገው፣ ልኩ በሆነ የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ቀስ አድርገው ይምቱ። ግራ ብቻ ቢያፈስም ሁለቱንም ይቀይሩ።

ፈትቶ በፌስታል ይዞ መካኒክ ዘንድ መሄድ

ከሁሉ ውዱ ይሄ ነው። መካኒኩ የትኛው ሮንዴላ ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ የጠፋውን ፈልጎ መግዛት የእርስዎ ነው። ሞተሩ ከተጋጨ፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ከሳበ፣ ወይም የታችኛው ቡሎን ጉድጓዱ ከተላጨ ሳይፈቱት ይውሰዱት።

ጋራዥ ሰጥቶ ሻይ ለመጠጣት መሄድ

አጠገቡ ይቁሙ። የሚሞላውን ዘይት ቆርቆሮ ይዩ፣ አሮጌዎቹን ሲሎች ይረከቡ፣ ቱቦው አጠራጣሪ ከሆነ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባልሎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ጎባጣ ቱቦ ሲንከባለል ከሥሩ ብርሃን ይታያል። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቀየምም።

ፔርኖውን ቸኩሎ ማጥበቅ

ጎማው ከገባ በኋላ መጀመሪያ ፔርኖውን (የጎማውን አክሰል) ያጥብቁ፣ ከዚያ ሾኩን ጥቂት ጊዜ ተጭነው በመጨረሻ የጎኑን መያዣ ቡሎን ያጥብቁ። ሁለቱ እግሮች ካልተስተካከሉ አዲሱ ሾክ እንደ ዛገ ይይዛል። ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ካለ አጥቦ መግጠም አይሆንም፣ ይቀይሩት። አሮጌውን ዘይት ደግሞ አዌቱ ወንዝ አይድፉት፤ በጀሪካን አጠራቅመው ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ።