ኮልቺሲን በሽንኩርት ሥር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በማይክሮስኮፕ ለማየት

ኮልቺሲን ኮልቺከም ከተባለው ተክል፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚበቅለው ግሎሪዮሳ ሱፐርባ ከተባለ ተክል የሚገኝ መርዝ ነው። ቲዩቡሊን የተባለውን ፕሮቲን ይዞ ማይክሮቲዩቡል፣ ማለትም ህዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሞችን የሚጎትቱ ጥቃቅን ቱቦዎች፣ እንዳይሠሩ ያግዳል። ቱቦዎቹ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታዩም፤ የሚታየው እነሱ ሲጠፉ የሚፈጠረው ቀውስ ነው።

የቀይ ሽንኩርቱን ደረቅ ልጣጭና አሮጌ ሥር በምላጭ አንሱ። በሦስት ስቴኪኒ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጡት፤ ውኃ የሚነካው ታችኛው ጫፉ ብቻ ይሁን። በሁለት ሦስት ቀን ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ሥር ያወጣል። አንዳንዱ እንዳይበቅል በኬሚካል የታከመ ስለሆነ አራት አምስት ሽንኩርት አብራችሁ ጀምሩ።

50 ሚሊግራም ኮልቺሲን በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ አሟሙ (0.05 በመቶ)። ይህ ግማሽ ሚሊግራም የሚይዙ መቶ የሪህ ኪኒኖች ማለት ነው፤ ስለዚህ ዱቄቱን ጓንትና ማስክ ያደረገ መምህር ብቻ ይመዝን። መጠኑ የበዛው የዕፅዋት ቲዩቡሊን ከእንስሳው ይልቅ ኮልቺሲንን በደካማው ስለሚይዝ ነው። ሥሩን ጨለማ ውስጥ ለ4 ሰዓት ንከሩ፤ ለማነጻጸሪያ ሌላ ሽንኩርት በንጹሕ ውኃ ይቆይ።

ጫፎቹን ቆርጣችሁ፣ ያኔውኑ በተደባለቀ ሦስት እጅ ኤታኖልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ 24 ሰዓት አቆዩ። አጥባችሁ በ1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ 8 ደቂቃ አሙቁ። የመጨረሻዋን 2 ሚሊሜትር ብቻ አሴቶ ኦርሲን በተባለ ቀለም አቅልሙ፤ በ45 በመቶ አሴቲክ አሲድ ጠብታ ላይ አድርጋችሁ በስስ መስታወት ሸፍኑና በሶፍት ላይ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። መስታወቱ ከተንሸራተተ ህዋሶቹ ይጠቀለላሉ። ተደራርበው ከታዩ ግን አሲዱ ውስጥ በቂ ጊዜ አልቆዩም።

በ400 እጥፍ ሲታይ፣ ውኃ ውስጥ የቆየው ክሮሞሶሞቹን መሃል ላይ ደርድሮ ወደ ሁለት ሲጎትት ይገኛል። የተመረዘው ውስጥ ግን 16ቱ ክሮሞሶሞች እጃቸውን ዘርግተው፣ ወገባቸው ላይ ብቻ ተያይዘው፣ ተበታትነው ይቀራሉ፤ የሚጎትታቸው ገመድ የለምና። እዚህም የሚጎተት ካያችሁ መድኃኒቱ ብርሃን ላይ ቆይቶ ደክሟል፣ ወይም ሰዓቱ አንሷል። ክሮሞሶሞቹ አጥረው ነጠብጣብ ከመሰሉ ደግሞ መድኃኒቱ ወይም ሰዓቱ በዝቷል።

አንድ ሥር ሙሉ ቀን ብትተዉት ጫፉ ያብጣል፤ በዓይንም ይታያል። የሴሉሎስ ክሮች የሚዘረጉበትን አቅጣጫ የሚመሩት ቱቦዎች ስለሌሉ ህዋሱ ከመርዘም ይልቅ ወደ ጎን ይሰፋል። ለእኔ ከክሮሞሶሙ ይልቅ አሳማኙ ይህ ነው።

የተረፈውን ኮልቺሲን ሲንክ ውስጥ አትድፉ፤ ስሙን ጽፋችሁ በተዘጋ ጠርሙስ ለመርዛማ ቆሻሻ አስወጋጅ አስረክቡ።