የእናታችሁን የእጅ ጽሁፍ በራሷ ነጠላ ላይ እንዴት መጥለፍ ይቻላል

ሰው ሲሞትብን ለመታሰቢያ ቀድሞ የሚታሰበን ፎቶ ነው፣ ጥልፍ የሚሞክር ሰው ደግሞ በቃ ፊቷን ልጥለፋት ይላል። እኔ ፊት አልመክርም። ፊት በክር ማውጣት የለመደ እጅም ይቸግረዋል፣ አፍንጫ ላይ ትንሽ ከተዛባ ሌላ ሰው ትሆናለች፣ ከዛ በኋላ ባያችሁት ቁጥር የሚታያችሁ ያ አፍንጫ ብቻ ነው። የእጅ ጽሁፍ ግን ጀማሪም ይችለዋል፣ ሲጣመም እንኳን መጀመሪያም የእሷ ጽሁፍ ጠማማ ስለነበረ ያምርበታል። ለአባት ከሆነ ሸሚዙ ላይ ይሰራል፣ አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ጨርቁን አስቀሩ

ብዙ ቤት የሟች ልብስ ተሰብስቦ ለነዳያን ይሰጣል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከመሰጠቱ በፊት አንድ ነጠላ ለብቻ አስቀምጡ። መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት እህት ወንድሞቻችሁን ጠይቁ፣ በዚህ ነገር የሚኮራረፍ ቤተሰብ አለ። ደግሞ ለአርባዋ ይድረስ ብላችሁ አትሩጡ፣ ለቅሶ ቤት ሰው በሞላበት ጥልፍ አይሰራም። ለመንፈቅ ወይ ለሙት ዓመት ብታስቡት ይሻላል።

ጠረኗ እንዳይጠፋ ማጠብ ካልፈለጋችሁ ከጫፉ ትንሽ ቁራጭ ሳይታጠብ በላስቲክ አሽጋችሁ አስቀምጡ። የምትሰሩበትን ግን በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፣ በረኪና ጭራሽ እንዳይነካው። የፀጉር ቅቤ ወይ የቡና እድፍ አልለቅ ካለ ተዉት፣ እኔ ብሆን እንደውም እድፉ የሚታይበትን በኩል ነው የምመርጠው።

ምን ልጥለፍ?

የእቁብ ደብተር፣ የድሮ ደብዳቤ፣ ፎቶ ጀርባ ላይ የተጻፈ፣ የስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ማስታወሻ፣ የአስቤዛ ዝርዝር። ለእኔ አሪፉ አስቤዛው ነው፣ «ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ ዘይት፣ ሻማ» የሚል ወረቀት ከረጅም የምርቃት ደብዳቤ የበለጠ እሷን ያመጣል። ከሶስት እስከ ስድስት ቃል ይበቃል። ፊደል ከገደፈች አታርሙላት፣ «ሺንኩርት» ካለች ሺንኩርት ነው።

እናታችሁ መጻፍ ካልቻለችስ? ብዙ እናቶቻችን ፊርማቸው የአውራ ጣት አሻራ ነው፣ አንድ ሰነድ ላይ አይጠፋም፣ እሱን ከ4 እስከ 5 ሴንቲ አሳድጋችሁ መስመር በመስመር መጥለፍ ይቻላል፣ በጣም ነው የሚያምረው። ካልሆነ ሁሌ የምትለውን ምርቃት የልጅ ልጇ በእጇ ትጻፈው።

ጽሁፉን ወደ ጨርቁ ማዛወር

ወረቀቱን በቀን ብርሃን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስልኩን ቀጥ አርጋችሁ ከላይ አንሱት፣ በስተጎን ካነሳችሁት ፊደሉ ይንጋደዳል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ በጥቁርና ነጭ አሳድጉት። ፊደሉ ቁመቱ ቢያንስ 1.5 ሴንቲ ይሁን፣ ለምን መሰላችሁ፣ የእኛ ፊደል ቀለበትና ቅጥል አለው፣ ካነሰ የ«ሜ» ቀለበት ይደፈንና «ሚ» ይሆንባችኋል።

ነጠላ ስስ ስለሆነ ብቻውን ክር አይሸከምም፣ ይሰበሰባል። ከስሩ አቡጀዴ አድርጉለት። አቡጀዴ ሲታጠብ ስለሚገባ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ተኩሱት፣ ከዛ ሁለቱን ደራርባችሁ በሰፋ ስፌት ለጊዜው አያይዟቸው። ለ20 ሴንቲ ጽሁፍ 30 በ30 ያህል ቁረጡ፣ ከተቻለ ጥለቱም ከታች ይግባ። አሁን ኮፒውን መስኮት መስታወት ላይ ለጥፋችሁ ጨርቁን ከላዩ አርጉትና በሹል እርሳስ ሳትጫኑ ቅዱት፣ አቡጀዴው ወፍራም ሆኖ ካላሳያችሁ ከማያያዛችሁ በፊት ነጠላው ላይ ብቻ ቅዱት። በካውያ ሙቀት የሚጠፋ እስክሪብቶ አለ፣ ምቹ ነው ግን ከባድ ብርድ ሲነካው ቀለሙ ይመለሳል፣ ሚኒሶታ ላለች እህታችሁ በክረምት በፖስታ የምትልኩት ከሆነ አትጠቀሙበት።

ክርና ስፌት

የክሩን ቀለም ከጥለቱ ምረጡ፣ በቃ አትጨነቁ። ዲኤምሲ የሚባለው የጥልፍ ክር 6 ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ናቸው፣ 2ቱን ብቻ ለይታችሁ አውጡ። ርዝመቱ አንድ ክንድ ይብቃ፣ ከዛ ከረዘመ ይጠማዘዛል ይላላጣል። ቀይና ጥቁር ክር ቀለም ሊለቅ ስለሚችል ቁራጩን አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ሽቱት፣ ነጩን ከነካው ሌላ ክር ፈልጉ።

ስፌቱ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ ወደ ኋላ የሚመለሰው። መርፌዋ ከስር አንድ እርምጃ ወደፊት ትወጣለች፣ ወደ ኋላ ተመልሳ ያለፈው ስፌት ያለቀበት ቀዳዳ ትገባለች፣ ከስር ደግሞ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትወጣለች። ቀጥ ያለ መስመር ላይ 3 ሚሊ ሜትር፣ ቀለበቱ ላይ 1 ወይ 2። መወጠሪያ ክብ ካላችሁ ጨርቁን ወጥሩት ግን የነጠላው ድርና ማግ እስኪከፋፈት አይሁን፣ ማታ ደግሞ አውልቁት።

አሁን ዋናው ነገር፦ እሷ እንደጻፈችው ጥለፉ። ብዕሩን ከየት እንደጀመረችው ኦሪጅናሉ ላይ ይታያል፣ የተጫነችበት ቦታ ቀለሙ ይወፍራል፣ እየተቸኮለች የጻፈችው ይሳሳል። በወፈረበት 3 ክር፣ በሳሳበት 1 ክር፣ በቀረው ያው 2 ክር አድርጉ። ሽሮ ሜዳ ላይ ማሽን በደቂቃዎች ይጠልፍላችኋል፣ የተስተካከለም ይሆናል፣ ግን ሁሉንም እኩል ስለሚያወፍረው የእሷ እጅ ይጠፋል። አንዳንድ ቃል ላይ ስትደርሱ እንባ ይመጣል፣ አስቀምጡትና ሌላ ቀን ቀጥሉ።

ከጀርባ አትቋጥሩ፣ ጉብታው ከፊት ይታያል። የክሩን ጫፍ በተሰፋው ስር ሶስት አራት ጊዜ አሳልፋችሁ ቁረጡት። ከአንዱ ቃል ወደሌላው ክር አትጎትቱ።

ሲያልቅ

ለጊዜው ያያያዛችሁበትን ክር ፍቱ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ፣ ሳትጨምቁ ፎጣ ላይ አድርቁ፣ ፊቱን ወደ ፎጣው ገልብጣችሁ ተኩሱት። ፍሬም የምታስገቡት ከሆነ በኮላ አታጣብቁት፣ ኮላ እየቆየ ይበልዛል፣ ጠርዙን በካርቶን ጀርባ አጥፋችሁ በክር ወዲህና ወዲያ ሳቡት። መስታወቱ ጥልፉን አይንካ፣ ፀሀይ የሚመታው ግድግዳ ላይም አትስቀሉት። የተረፈው ነጠላ ጫፉ እንዳይተረተር ታጥፎ ይሰፋና ቀድሞ ለጠየቀው ወንድም ወይ እህት ይሰጥ።