የላንጋኖ የመጨረሻ ቀን እንዴት ይዋላል?

በየዓመቱ በገና፣ በፋሲካ ወይም ትምህርት ሲዘጋ ላንጋኖ ዳር ቤት ተከራይቶ የሚከርም ቤተሰብ ብዙ ነው። የመጨረሻውን ቀን በወጉ የሚያሳልፈው ግን ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ሰው ከእንቅልፉ እንደነቃ ሻንጣ መጎተት ይጀምራል። ልጆች "ትንሽ ብቻ እንዋኝ" ይላሉ፣ አዋቂው ይቆጣል፣ በስተመጨረሻ ሁሉም አኩርፎ መኪና ውስጥ ይገባል።

መፍትሔው የሐይቁን ሰዓት መከተል ነው። ላንጋኖ ጠዋት ይረጋጋል። ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ንፋስ ይነሳና ማዕበሉ ይመጣል። ስለዚህ ጠዋቱን ለዋና፣ የንፋሱን ሰዓት ለሥራና ለጉዞ አድርጉት። ቅደም ተከተሉ እነሆ።

1. ዋዜማውን ግማሹን ጨርሱ

የማትፈልጉትን ሁሉ ማታውኑ ጠቅልሉ፦ ትርፍ ብርድ ልብስ፣ ኳስ፣ ያልተከፈተ ፓስታ፣ የቆሸሸ ልብስ። የዋና ልብስ፣ ፎጣ፣ አንድ ብረት ድስትና የቡና ዕቃው ብቻ ውጭ ይቅሩ። ስልኮቻችሁን ቻርጅ አድርጉ፤ ጠዋት መብራት መኖሩን ማን ያውቃል።

የቀረ ምግብ ካለ ዛሬ ማታ ይበላ። እንጀራ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይሻግታል፤ ደህናውን ለጠዋት ፍርፍር አስቀምጡ። ቁልፍ የምታስረክቡት ስንት ሰዓት እንደሆነም አሁኑኑ ጠይቁ። ጠዋት ብትጠይቁ "አሁን" የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል።

2. ጠዋት መጀመሪያ ውሃ

በደንብ ከነጋ በኋላ፣ አንድ ሰዓት አካባቢ ውረዱ። በጨለማ ግን አይሆንም። ላንጋኖ ጉማሬ አለው፤ ጉማሬ ደግሞ ሌሊት ሳር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል፣ ሲነጋጋም ይመለሳል። መንገዱ ላይ መገኘት አያስፈልግም።

ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ ስለሚታወቅ ሰው ያለ ስጋት ይዋኛል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ቀለሙ ነው። ውሃው በደቃቅ አፈር ምክንያት ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ጉልበት ድረስ የገባ ሰው የራሱን እግር አያይም። ልጅ ቢሰምጥ ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም ማለት ነው። ስለዚህ አንድ አዋቂ ስልኩን አስቀምጦ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ እጁ ከሚደርስበት ሳይርቅ ልጆቹን ይጠብቅ። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ሰው ሐሳቡ ሻንጣ ላይ ስለሚሆን ይህ ሥራ ስም ተጠርቶ ይሰጥ፦ "እስከ ሦስት ሰዓት አንተ ነህ።"

አራት ሰዓት ሲሆን ውጡ። የዋና ልብሱን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ስጡት፤ ደቃቁ አፈር ጨርቅ ውስጥ ከደረቀ ነጩ ነጭ ሆኖ አይመለስም። በዚያ ፀሐይ እስክትነሱ ይደርቃል።

3. ቤቱን መዝጋት

ረጅሙ ሥራ ይሄ ነው። ሌላው ቢቀር የሚከተሉትን አትዝለሉ።

ከከሰል ጀምሩ፣ ለመብረድ ጊዜ ይፈልጋልና። ብዙ ሰው ፍሙን አሸዋ ውስጥ ይቀብራል። አደገኛ ነው። አሸዋ የሸፈነው ፍም ከላይ የጠፋ ይመስላል፣ ከሥር ግን ለሰዓታት ይግላል፤ በባዶ እግሩ የሚሮጥ የማን ልጅ እንደሚረግጠው አይታወቅም። ውሃ አፍሱበት፣ በእንጨት አገላብጡት፣ እንደገና አፍሱበት። በእጅ ሲነካ መቀዝቀዝ አለበት።

ጋዝ ምድጃው ላይ ብቻ አይዘጋም፤ ሲሊንደሩ ራሱ ላይ ያለው መዝጊያ ይጠበቅ። ፍሪጁን ንቀሉ፣ ጥረጉ፣ በሩንም እንዳይገጥም ጨርቅ አስገቡበት። በሩ ተገጥሞ የከረመ ፍሪጅ የከፈተ ሰው ለምን እንደምለው ያውቃል።

ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ እያዞራችሁ ፈትሹ፣ ውሃ ቢኖርም ባይኖርም። ውሃ በጠፋበት ሰዓት አንዱ ቧንቧ ከፍቶ "የለም" ብሎ ይሄዳል፤ ሰው ከሄደ በኋላ ውሃው ይመጣል፣ ሮቶው ሙሉ ውሃ ወለል ላይ ይፈሳል። ከሮቶው የሚወጣውን መስመር መዝጋት ከቻላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው።

ምግብ አትተዉ። "ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል" ተብሎ የሚቀር ስኳርና ዱቄት የሚደርሰው ለጉንዳንና ለአይጥ ነው። ጦጣና ዝንጀሮም አሉ፣ መስኮት በደንብ ካልተቀረቀረ ገብተው ያያሉ። በነገራችን ላይ ዕቃ ስትጭኑ የመኪናውን በር ክፍት ትታችሁ አትሂዱ። ሙዙ እዚያ እንዳለ ከእናንተ በፊት ያውቃሉ።

ጫማ ከማሸጋችሁ በፊት አራግፉ፣ ጊንጥ ጥላ ይወዳል። አልጋ ሥር፣ ከበር ጀርባ፣ የልብስ ገመዱ ላይ፣ ሶኬቱ ላይ ተመልከቱ። የሚረሳው ሁልጊዜ ቻርጀርና አንድ እግር የልጅ ጫማ ነው።

4. ቆሻሻው ከእናንተ ጋር ይሂድ

የተቀበረ ቆሻሻ ውሻና ዝንጀሮ ያወጡታል፣ ንፋሱ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። የቤቱ ባለቤት ማስወገጃ ካላዘጋጀ ፕላስቲኩንና ጠርሙሱን በማዳበሪያ ሞልታችሁ ጫኑት። ሲመጡ ውሃና ለስላሳ ሞልቶ የመጣ መኪና ሲመለስ ባዶውን መሸከም አያቅተውም።

5. ሰዎቹን ተሰናበቱ

ጥበቃውን ወይም ቤት የሚያየውን ሰው ጠርታችሁ ክፍሎቹን አብራችሁ ዙሩ። የተሰበረ ብርጭቆ ካለ ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሒሳቡን እዚያው ጨርሱ። ከሄዳችሁ በኋላ በስልክ ከመነታረክ ይሻላል።

ጉርሻውን በእጅ ስጡ፤ ለአንዱ ሰጥቶ "ተካፈሉት" ማለት ጠብ ማውረስ ነው። ምግብ የምትሰጡ ከሆነም ራሳችሁ የምትበሉት ዓይነት ይሁን፣ በንጹሕ ዕቃ። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። "ጋሼ፣ ገለቶማ" ብሎ መሰናበት ለልጆቹም ጥሩ ትምህርት ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ቀን አሁን ማስያዝ ይቻላል፤ የበዓል ሰሞን ቤት ለማግኘት በስልክ ከመለመን ይህ ይቀላል።

6. ጎማውን ዙሩ

ቦታው የግራር አገር ነው። ግራር ደግሞ ጎማ አይወድም። እያንዳንዱን ጎማ ተመልከቱ፣ የቆመበትን በኩል ለማየት መኪናውን ትንሽ ገፋ አድርጉ። የተሰካ እሾህ ካያችሁ አትንቀሉት። ጎማው ነፋስ እስካልቀነሰ ድረስ ቀስ ብላችሁ እስከ ጎሚስታ ሂዱ፣ እሱ ይንቀለው። ስኮርታውና ክሪኩ ከሻንጣ ሁሉ ሥር እንዳይቀበሩ አስቀድማችሁ አስቡ።

7. መንገድ

ምሳ በልታችሁ ሰባት ሰዓት ላይ ከወጣችሁ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከላንጋኖ በቡልቡላ አድርጎ ባቱ፣ ማለትም ዝዋይ፣ እስኪደረስ ከብት፣ የአህያ ጋሪና ባጃጅ መንገዱን ይጋራሉ። ይህን ክፍል በብርሃን መጨረስ ግዴታ ነው። ከባቱ በኋላ የፍጥነት መንገዱ አለ። እሑድ ከሆነ ግን ቱሉ ዲምቱ ስትደርሱ ከተማው ሁሉ አብሯችሁ ሊገባ ተሰልፏል፤ ለእሱ ትርፍ ሰዓት ያዙ።

ዓሣ የምትፈልጉ ባቱ ላይ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርፋሪ እየጠበቁ ከሚቆሙበት ወደብ ግዙ። ቆሮሶ ስትመርጡ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን። በረዶ ከሌላችሁ ግን ተዉት። በዚያ ሙቀት ሁለት ሰዓት የተጓዘ ዓሣ ስጦታ አይሆንም። ሽንኩርትና ቲማቲም ለመግዛት የድሮውን መንገድ ይዞ በመቂ ማለፍ ይቻላል። መንገድ ዳር የተደረደረውን ከሰል ግን እኔ አልገዛም። ያ ግራር እንደገና እስኪያድግ ልጆቻችን ይሸብታሉ።

8. ከተመለሳችሁ በኋላ

ላንጋኖ ወባ አለበት፤ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። ወባ በተነደፉ ማግስት አይታይም። ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ አንድ ወር ይወስዳል፣ አንዱ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከመልስ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ፤ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁም ላንጋኖ ሰንብታችሁ እንደመጣችሁ ንገሩት። አብረዋችሁ ለነበሩት ሁሉ፣ ቤታቸው ለተበተኑት አክስትና አጎትም ጭምር፣ ይህንኑ በስልክ አስታውሷቸው።