ቢራ ቤት ውስጥ እንዴት ይጠመቃል? ከድስት እስከ ቆርኪ

ለጀማሪ 10 ሊትር ይበቃል። በቤት ድስት ይፈላል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቢበላሽም ኪሳራው ትንሽ ነው። ብቅሉን ፈጭቶ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ስኳሩን ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ፣ መጀመሪያ በደረቅ የብቅል ኤክስትራክት (ከብቅል ወጥቶ ዱቄት በሆነው ስኳር) ጥመቁ። የጀማሪን ቢራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ብቅሉ ሳይሆን ከድስቱ ከወረደ በኋላ የሚሆነው ነው።

የሚያስፈልገው

1.3 ኪሎ ነጣ ያለ ደረቅ የብቅል ኤክስትራክት፣ አልፋ አሲዱ (ምሬት የሚሰጠው ንጥረ ነገር) 7 በመቶ አካባቢ የሆነ 25 ግራም ሆፕ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ)፣ 6 ግራም ደረቅ የኤል እርሾ (በክፍል ሙቀት የሚያብላላ የቢራ እርሾ)፣ 60 ግራም ስኳር። ከዕቃ ደግሞ 12 ሊትር የሚይዝ ድስት፣ ኤርሎክ (ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባ የክዳን መተንፈሻ) ያለው 15 ሊትር የምግብ ባልዲ፣ ሌላ ባልዲ፣ ቀጭን ጎማ፣ ቴርሞሜትር፣ ሃይድሮሜትር (ፈሳሹ በስኳር ምን ያህል እንደከበደ የሚለካ፤ ንጹህ ውሃ 1.000 ነው)፣ ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ጠርሙስ፣ ቆርኪና ቆርኪ መግጠሚያ። መቆጠብ ካለባችሁ ከድስቱ ቆጥቡ፤ ከሃይድሮሜትሩና ከሚዛኑ ግን በፍጹም።

ማፍላት

8 ሊትር ውሃ አሙቁ። እሳቱን አጥፉና ኤክስትራክቱን እየነሰነሳችሁ አማስሉ። እሳት ላይ እያለ ከተጨመረ ድስቱ ሥር ይዞ ያርራል፤ የማረሩ ጣዕም እስከ ብርጭቆ ድረስ ይከተላችኋል። እንደገና ሲፈላ አረፋው በድንገት ስለሚገነፍል ከድስቱ አትራቁ። አረፋው ሲረግብ 15 ግራም ሆፕ ጨምሩና ሳትከድኑ ለ60 ደቂቃ አፍሉ፤ ምሬቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሊያበቃ 5 ደቂቃ ሲቀረው የቀረውን 10 ግራም ጨምሩ። መዓዛ የሚሰጠው ዘይት ብዙ ሲፈላ ተንኖ ስለሚጠፋ ቀደም ብሎ መጨመር የለበትም።

ማቀዝቀዝና እርሾ

ከዚህ በኋላ ቢራውን የሚነካ ነገር ሁሉ መጀመሪያ በሳሙና መታጠብ፣ ቀጥሎ በፀረ ጀርም ማለፍ አለበት። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ቆሻሻ የያዘ ዕቃ ላይ ፀረ ጀርም አይሠራም። የተቧጨረ ባልዲም ጭረቱ ውስጥ ጀርም ስለሚደብቅ አይሆንም። ለጠማቂ የተሠራ መታጠብ የማያስፈልገው ፀረ ጀርም ከበረኪና ይሻላል፤ በረኪና በደንብ ካልታጠበ ቢራውን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ድስቱን በበረዶ ውሃ ውስጥ አስቀምጡና አቀዝቅዙ። ባልዲው ውስጥ አጥልላችሁ ቀድሞ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ 10 ሊትር ሙሉት። ከከፍታ አፍስሱት፣ አናውጡት፤ እርሾው አየር የሚፈልገው አሁን ብቻ ነው። ሃይድሮሜትሩ ወደ 1.048 ማንበብ አለበት፤ ቁጥሩን ጻፉ። ፈሳሹ 20 ዲግሪ ሲደርስ እርሾውን ነስንሱና ክደኑ።

ሲብላላ ቢራው ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክፍሉ በ3 ወይም 4 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የሚለካው የክፍሉ ሳይሆን የባልዲው ሙቀት ነው፤ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ያዙት። ከዚያ ብዙ ካለፈ የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ሽታ ይይዛል። ባልዲውን ውሃ ያለበት ሰፊ ሳህን ውስጥ ማስቀመጥና በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ መቀያየር በቂ ነው።

አልቋል ወይስ አላለቀም?

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤርሎኩ አረፋ ማውጣት ስላቆመ ብቻ ቢራው አልቋል ማለት አይቻልም። ክዳኑ በትንሹ የሚያስተነፍስ ከሆነ በመብላላት ላይ ያለ ቢራም አረፋ አያሳይም፤ ያለቀ ቢራ ደግሞ ክፍሉ ሲሞቅ የሟሟውን ጋዝ እየለቀቀ ያላለቀ ይመስላል። ልኩን የሚነግራችሁ ሃይድሮሜትር ነው። በ10ኛው ቀን ትንሽ ቅዱ፣ ጋዙ መለኪያውን ወደ ላይ እንዳይገፋው አናውጡና ለኩ። ከ3 ቀን በኋላ ድገሙት። ሁለቱ ንባቦች እኩል ሆነው ከ1.010 እስከ 1.013 ካሉ አልቋል። የተለካውን ወደ ባልዲው አትመልሱ። 1.018 ላይ ቆሞ ከቀረ ባልዲውን ወደ 21 ዲግሪ አሙቁ፣ የተኛው እርሾ እንዲነሳ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ ሌላ ሳምንት ጠብቁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በጋዙ ምክንያት ነው። 1 ሊትር ቢራ ውስጥ 2.4 ሊትር ያህል ጋዝ ሲሟሟ ደስ የሚል አረፋ ይኖረዋል። በ20 ዲግሪ የተብላላ ቢራ 0.85 ሊትር ያህሉን አስቀድሞ ይዟል፤ በሊትር 6 ግራም ስኳር ደግሞ 1.5 ሊትር ይጨምራል። በዚህ ላይ 1.011 መድረስ የነበረበት ቢራ 1.016 ላይ እያለ ከታሸገ፣ የቀረው ስኳር ብቻውን 2.5 ገደማ ጋዝ ያመርታል። ድምሩ ወደ 5 ይጠጋል፤ ተራ ጠርሙስ ይህን አይችልም፣ ይፈነዳል።

ማሸግ

ያለውን ቢራ በሊትር ገምቱና ለእያንዳንዱ 6 ግራም ስኳር መዝኑ። በአንድ ብርጭቆ ውሃ 5 ደቂቃ አፍሉት፣ አቀዝቅዙ፣ ሁለተኛው ባልዲ ውስጥ ጨምሩት። ቢራውን በጎማ ከላዩ አውርዱ፤ የጎማው ጫፍ ታች ይንካ፣ አይንቦጫረቅ። አሁን የገባ አየር ቢራውን ካርቶን ካርቶን ያሰኘዋል። አተላውን ተዉት። ስኳር በየጠርሙሱ በማንኪያ መጨመር አንዱን ሙት፣ ሌላውን ቦምብ ስለሚያደርግ አልመክረውም።

ጠርሙሱ ለቢራ የተሠራ ቡናማ ይሁን። ነጭና አረንጓዴው ብርሃን ያስገባል፤ ብርሃን ከሆፑ ጋር ሲገናኝ ቢራው ይከረፋል። በጥምዝ የሚከፈተው አንገትም ቆርኪን አጥብቆ አይዝም። 3 ሴንቲ ሜትር አጉድላችሁ ሙሉና እሸጉ። አንዱን ግን በለስላሳ መጠጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጉት፤ በጣት ሲጫኑት ያልተከፈተ ለስላሳ ያህል ከጠነከረ ሌሎቹም ደርሰዋል።

ካርቶን ውስጥ ከድናችሁ በ20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት አቆዩ። የፕላስቲኩ ጠርሙስ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ግን አትጠብቁ፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ ሁሉንም ማቀዝቀዣ ውስጥ ክተቱ፣ በደንብ ሲቀዘቅዙም አንድ በአንድ ከፍታችሁ ጋዙን አስተንፍሱ።