ብዝኃነትንና አካታችነትን በታሪክ ትምህርት እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ኅዳር 29 የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሲከበር ተማሪዎች ባህላዊ ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ፤ በማግስቱ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ግን የነገሥታትን ስምና ዓመተ ምሕረት ወደ መገልበጥ ይመለሳሉ። በዓሉ የራሱ ጥቅም ቢኖረውም ተማሪው ስለ ጎረቤቱ ያለውን ግምት እንዲመረምር አያስገድደውም። ይህን ማድረግ የሚችለው የታሪክ ትምህርት ነው፤ ለዚህም አዲስ ምዕራፍ መጨመር አያስፈልግም። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ምዕራፍ ይዞ «በዚህ ቦታ ሌላስ ማን ነበረ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ከዚህ በታች የዓድዋን ጦርነት እንደ ዋና ምሳሌ በመውሰድ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚያስተምር መምህር የሚሆን አካሄድ ቀርቧል።

1. የነበሩትን ሰዎች ዘርዝሩ

ከትምህርቱ በፊት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሰለፉትን በወረቀት ላይ አስፍሩ። ራስ መኰንን ከሐረር፣ ራስ ሚካኤል ከወሎ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም፣ ዋግሹም ጓንጉል ከዋግ፣ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ ከትግራይ ጦራቸውን ይዘው መጥተዋል። ይህ ዝርዝር ጥሩ መነሻ ነው፤ ይሁን እንጂ የመኳንንት ዝርዝር ብቻ መሆኑን አትዘንጉ።

ስለዚህ ሁለተኛ ዝርዝር ያስፈልጋል። እቴጌ ጣይቱ የመቀሌው ምሽግ ውኃ እንዲያዝ በማድረጋቸው ይታወሳሉ፤ እህል የፈጩት፣ ስንቅ ያዘጋጁት፣ ለተዋጊው ውኃ ያቀበሉት ሴቶች ግን አብዛኞቹ ስማቸው አልተመዘገበም። በመድፈኛነታቸው የምናውቃቸው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ በልጅነታቸው ተማርከው በምኒልክ ቤት ያደጉ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ የእርሳቸው ሕይወት ብቻውን ምኒልክ ግዛታቸውን ያስፋፉበትን የአገር ግንባታ ዘመቻና የዓድዋን ድል አንድ ላይ ለመመልከት ያስችላል። ተማሪው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አታስገድዱት።

2. አስቸጋሪውን ወገን አትዝለሉ

በጣሊያን በኩል የተሰለፉት አስካሪዎች (ቅኝ ገዢው በደመወዝ የቀጠራቸው የአካባቢው ተወላጅ ወታደሮች) በአብዛኛው የኤርትራ ልጆች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ከተማረኩት መካከል ብዙዎቹ እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል፤ የጣሊያን ምርኮኞች ግን ጥቅምት 1889 ዓ.ም. ከተፈረመው የአዲስ አበባ ውል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ብዙ መምህራን ይህን የሚያልፉት ድሉን የሚያደበዝዝ እየመሰላቸው ነው። በእኔ እምነት ትምህርቱ በእውነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው «የእኛ» እና «የእነርሱ» የሚለው ድንበር በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎችና በአንድ ቤተሰብ መካከል ሳይቀር ሊያልፍ እንደሚችል የሚያየው በዚህ ጉዳይ ነው።

ውይይቱን «አስካሪዎቹ በጣሊያን ጦር ውስጥ ለምን ገቡ?» በሚል ጥያቄ ክፈቱ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀውን፣ ከብቱን በበሽታ ሰውን በረሃብ የፈጀውን ክፉ ቀን፣ ኤርትራ በጣሊያን ቅኝ ግዛት ሥር መውደቋንና ለወታደር የሚከፈለውን ደመወዝ አስረዱ። ከዚያም «ቅጣቱ ተገቢ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ እያንዳንዱ ተማሪ መልሱን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ይናገር። መጻፉ ስሜቱን ያበርዳል፤ ድምፁ ከፍ ያለው ተማሪም ክፍሉን ብቻውን እንዳይዝ ይከላከላል።

3. ሥዕልን እንደ ምንጭ ተጠቀሙ

በባህላዊው የዓድዋ ሥዕል ላይ ኢትዮጵያውያኑ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ጠላት ደግሞ በአብዛኛው በጎኑ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይሣላል። ሥዕሉን ከግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ለአምስት ደቂቃ ያህል ምንም ሳትናገሩ አስመልክቷቸው፤ ከዚያ ሠዓሊው ለማን እንዳደላ በምን እንደሚያውቁ ጠይቁ። ቀጥሎ በሥዕሉ ላይ የሌለው ማን እንደሆነ ይፈልጉ።

ማየት የተሳነው ተማሪ በክፍሉ ካለ አንድ ተማሪ ሥዕሉን ከግራ ወደ ቀኝ በቃል ይግለጽ፤ ገለጻው ዓይናማዎቹም ያላስተዋሉትን ያወጣል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑም ሐሳባቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተወያይተው መደምደሚያውን ብቻ በእንግሊዝኛ እንዲያቀርቡ ፍቀዱላቸው፤ አለበለዚያ የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው አምስትና ስድስት ተማሪዎች ይሆናሉ።

4. ማንንም የብሔሩ ቃል አቀባይ አታድርጉ

«አንቺ ከዚያ አካባቢ ስለሆንሽ ንገሪን» የሚለው ጥያቄ በቅንነት ቢጠየቅም ልጅቷን ለብቻዋ ያቆማታል። አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ያሸነፈው የእኛ ወገን ነው» ቢል አትቆጡት፤ «ከየትኛው ምንጭ አገኘኸው? ምንጩን የጻፈውስ ማን ነው?» በሉት። ስድብ ከተሰማ ግን ውይይቱ ወዲያው ይቁም፤ እዚህ ላይ ምንጭ አይጠየቅም።

5. ከጦር ሜዳ ወደ ሠፈር ውረዱ

ብዝኃነት የብሔር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ የተለመደ ስሕተት ነው። ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭና ፋቂ በብዙ የአገራችን ክፍል ሥራቸው እየተፈለገ እነርሱ የተናቁበት፣ ጋብቻና ማዕድ የተነፈጉበት ታሪክ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸውን ንገሯቸውና «አዋጅ መውጣቱ ምን ያስረዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ንጉሡ ለሥራ ስላላቸው አመለካከት የሚናገሩ ይኖራሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አንድ ሰው ስድቡ ባይበዛ ኖሮ አዋጅ ባላስፈለገ ነበር ይላል። ይህን ከተማሪው አፍ ጠብቁት እንጂ ቀድማችሁ አትንገሩት።

ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ በሠፈራቸው በእንዲህ ዓይነት የእጅ ሙያ የኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ይሂዱ። «አባባ» ወይም «እማማ» ብለው፣ ስማቸው እንደማይጠቀስ አስረድተውና ፈቃዳቸውን አግኝተው ይጠይቁ። «ተንቀው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ አይገባም፤ «ሥራውን ከማን ተማሩት? ገበያ ላይ ሰው እንዴት ይቀበልዎት ነበር?» ማለቱ ይሻላል።

6. ምዘናው ማስረጃን ይመዝን

«የዓድዋ ጦርነት መቼ ተካሄደ?» የሚለው ጥያቄ ይቀመጥ፤ ከጎኑ ግን «በሥዕሉ ላይ ያልታዩ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ጥቀስ፤ እንደነበሩ በምን ታውቃለህ?» የሚል ይጨመር። ነጥብ የሚሰጠው ለቀረበው ማስረጃ ነው። ስለ አስካሪዎቹ ቅጣት ከመምህሩ ተቃራኒ አቋም የያዘ ተማሪ በቂ ምክንያት እስካቀረበ ድረስ ሙሉ ነጥብ ማግኘት ይኖርበታል፤ ይህንንም ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት በሰሌዳው ላይ ጽፋችሁ አሳዩአቸው።