ድሬ ላይ ሱኩለንት የሚገድሉ ስህተቶች

ድሬዳዋ ለሱኩለንት፣ ማለትም ውሃ ቅጠሉና ግንዱ ውስጥ ለሚያጠራቅም ተክል፣ የተመቸች ትመስላለች። ፀሐይ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ከከተማው ወጣ ሲሉ እሬቱና ቁልቋሉ ማንም ሳያጠጣው ይበቅላል። በየበረንዳው ያለው ግን ይሞታል። የሚገድለውም ብዙውን ጊዜ ጥማት ሳይሆን ውሃ ነው።

ትልቁ ስህተት «እኔን ከሞቀኝ እሷንም ይሞቃታል» ብሎ በየቀኑ ማጠጣት ነው። ቅጠላቸው እንደ ጽጌረዳ የተደረደረው ኤቼቬሪያዎች አብዛኞቹ የሜክሲኮ ደጋ ተክሎች ናቸው፤ የግንቦትና የሰኔው ሙቀት ሲበረታባቸው እድገታቸውን ቀንሰው ያርፋሉ፣ ውሃም ብዙ አይጠጡም፣ ያኔ የምናፈስላቸው ውሃ ታች ተኝቶ ሥሩን አየር ያሳጣውና ያበሰብሰዋል። የላዩ አፈር ቶሎ መድረቁ አያታልላችሁ። ቀጭን ስንጥር እስከ ታች ሰክታችሁ አውጡት፤ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ተዉት አቦ!

የተጠማ ቅጠል ይሸበሸባል፣ በደንብ ከጠጣ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ውሃ የበዛበት ግን ቢጫ ሆኖ ይለሰልሳል፣ ገና ሲነኩት ይረግፋል። ግንዱ ከሥር ከጠቆረ ጤነኛውን ጫፍ ቆርጦ እንደገና መትከል ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። የተቆረጠውን ግን ወዲያው አፈር ውስጥ አትክተቱት። ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ላይ ይቆይ።

ቀዳዳ የሌለው ዕቃም እንደዚያው ነው። የወተት ጣሳም ይሁን የሚያምር ስኒ፣ ከታች ካልተበሳ አይሆንም፣ ከታቹ ጠጠር መደርደርም ቀዳዳን አይተካም። ጥቁር ፕላስቲክ በድሬ ፀሐይ ሥሩን ይቀቅለዋል። ሸክላ ይሻላል።

አፈሩን በተመለከተ፣ የጓሮ አፈር ብቻውን ይጠጥራል። አሸዋ ቀላቅሉ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው ከደቻቱ ወንዝ ደቃቁን ያመጣል፣ እሱ ይባስ ይጠቀጠቃል። ወንፊት ላይ የሚቀረውን ሸካራውን አጥባችሁ ግማሽ በግማሽ አድርጉት።

ከሻጭ ጥላ ሥር የገዙትን በዚያው ቀን የከሰዓት ፀሐይ ላይ ማውጣትም ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለው ቦታ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፣ አይድንም። ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ይበቃዋል፣ ቀስ በቀስ ታለማምዱታላችሁ። ሐረር ያለ ጓደኛችሁ «እኔ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የማስቀምጠው» ቢላችሁ አትስሙት፤ እሱ ያለው ከናንተ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፣ አየሩም ሌላ ነው።

ቅጠል ላይ ውሃ መርጨት ይቅር። ዱቄት የመሰለው ነጭ ሽፋን ከፀሐይ የሚከላከለው ነው፣ ከለቀቀ ያ ቅጠል መልሶ አያወጣውም። የኛ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ኖራ ቅጠሉም ላይ ይተዋል።

ቅጠል ሥር ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው፤ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉት። የቁልቋል ዓይነቶችን ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፣ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል።